ቤታችን ውስጥ የሚያፏጨው

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፊቱ ሱቅ ጀርባው መኖሪያ የሆነ ቤት አለኝ። ይህን የምላችሁ ሱሪያችሁን ይዛችሁ ኑ ለማለት አይደለም። ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ በጆሮው እንደሚኖር እንድታውቁልኝ ነው። ክር ሊበጠስ ሲል ይሰማኛል፤ መርፌ ሊሰበር ሲል ይሰማኛል፤ ደንበኛ በዋጋ ሊከራከረኝ ጉሮሮውን ሲጠርግ ከበሩ ማዶ ይሰማኛል። በዚህ ጆሮዬ ብዙ ዓመት ስመጻደቅ ኖሬያለሁ። አላህ ደግሞ ሰውን የሚያዋርደው በሚመካበት ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው በበጋ፣ በቀትር ነው። የከሚሴን የበጋ ቀትር የማታውቁ እድለኞች ናችሁ። ከቦርከና በኩል የሚመጣው ነፋስ ራሱ ደክሞት መንገድ ላይ ይቀራል። ከተማው በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል። የምንቀሳቀሰው ዝንብና እኔ ብቻ ነን። ለሰርግ የታዘዘ ጀለቢያ ጠርዙን እየቀመቀምኩ ሳለ ከጓዳ በኩል አንድ ፉጨት መጣ። ቀጭን ነው። ይሳባል፣ ይሳባልና መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። አንድ ሰው ሌላውን ሰው በስሙ ላለመጥራት ብሎ የሚያፏጨው ዓይነት ነው።

ጓዳ ውስጥ የተኙት ሚስቴ ዘሀራና ልጃችን ኢክራም ናቸው። ኢክራም ሁለት ዓመት አልፏታል። ብዙ ጠብቀን፣ ብዙ ዱዓ አስደርገን ያገኘናት አንዲት ልጃችን ናት፤ ሌላ የለንም። ዘሀራ ደግሞ ትዘፍናለች እንጂ አታፏጭም። የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ደገመ። ወዲያው ዘሀራ ዓይኗን እያሸች ብቅ አለችና፣ ትልቅ ሰው ሆነህ ቤት ውስጥ ታፏጫለህ ወይ፣ ሰይጣን ልትጠራብን ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። እኔ አላፏጨሁም አልኳት። እኔም አላፏጨሁም አለች። ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ጓዳው አየን።

ወንድ ልጅ የፈራውን ነገር መጀመሪያ በመዶሻ ነው የሚፈልገው። በነጋታው ቆርቆሮው ነው ብዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በከሚሴ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለመግለጽ እኔ ራሴ ቃል የለኝም፤ ዘሀራ ግን ነበራት። ቆርቆሮውን መትቼ ስወርድ ፉጨቱ ከጠረጴዛዬ ስር ተቀበለኝ። መኪናዬን ጠረጠርኩ። ፈታትቼ፣ ዘይት አጠጥቼ ስገጥማት አንድ ብሎን ተረፈኝ። የየት ብሎን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መኪናዋም አልጠየቀችኝም። ከዚያ የበሩን ማጠፊያ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ፣ የቁም ሳጥኑን አናት ፈተሽኩ። ሁሉንም የፈለግነው በራሳችን ቁመት ነበር። ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

ፉጨቱ አንድ ቦታ ቢቀመጥ ኖሮ እንለምደው ነበር። አይቀመጥም። ጠዋት ከአልጋው ስር ነው፤ ረፋድ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እግሬ አጠገብ ይሆንና እኔ መቀስ ይዤ ስዞር ከጓዳ ይሰማል። በዚያ ላይ ኢክራም በዚያው ሰሞን ትስል ጀምራለች። ሳሉ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አልነበረም። ግን ምግብ ቀነሰች፤ ሲመሻሽ ገላዋ ይሞቃል፤ ጉንጯም እየጎደለ መጣ። ሽሮፕ ገዛንላት። ዘሀራ ግን ሽሮፕ የሚያድነው አልመሰላትም። ይሄ ነገር ልጄን እያየብኝ ነው አለችኝ አንድ ቀን፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይሰማት በሚመስል ድምፅ። ማን እንዳይሰማት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አማቴ ከጨፋ ሮቢት መጡ። አማቴ ማሽላቸውን ከወፍም ከከርከሮም ጠብቀው የኖሩ ሴት ናቸው። የሚፈሩት ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ የእኔ ሥራ መፍታት ነው። በመጡበት ቀን መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ ፉጨቱ ከጀርባቸው መጣ። አልዞሩም። ፊታቸውን ወደ ቂብላ እንዳደረጉ በኦሮምኛ «ኤኙ?» አሉ። ማን ነው ማለታቸው ነው። ፉጨቱ መለሰ። «አቲ ኤኙ?» አሉ ደግመው። አንተ ማን ነህ። ዝም አለ። ያኔ ከጀርባቸው ቁጭ ብላ የመስገጃውን ዘርፍ የምትጎትተው ኢክራም፣

«ሄደ» አለች።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ትንሽ ቆየችና ደረቷን ነፋ አድርጋ «መጣ» አለች። መጣም። ያን ምሽት ራት የበላ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችንን የምታስተዳድረው ኢክራም ሆነች። መጣ ስትል ሁላችንም ባለንበት እንቆማለን፤ ዘሀራ ወጥ ማማሰያዋን አንስታ፣ እኔ እግሬን ከመርገጫው ላይ አንስቼ፣ አማቴ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው። ሄደ ስትል እንቀጥላለን። አንድ ደንበኛዬ ሱሪውን ሊለካ ገብቶ ሳለ ልጅቱ መጣ አለች፤ ከእሱ ጀርባ ፉጨቱ ተሰማ። ሰውየው እኔን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ ግድግዳውን አየና ወጣ። ሱሪውን ዛሬም ድረስ አልወሰደም፤ እኔ ነኝ የምለብሰው። አማቴ በመጨረሻ ኢክራምን አስቀምጠው፣ የኔ እናት፣ ሰውየው የታለ፣ አሳዪን አሏት። ኢክራም አሰበች። ጣቷን አንስታ አያቷን አሳየች። እኔ በልቤ ልጅ አይዋሽም አልኩ፤ በአፌ ግን አስተግፊሩላህ አልኩ።

ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ወዳጃ ተጠራ። ሸህ ሙሄን ልንገራችሁ፤ የሰፈራችን የዱዓ አባት ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጨዋታቸው የሚጣፍጥ፣ ምርቃታቸው የሚደርስ ነው ይባላል። ከዙህር በኋላ ጎረቤቱ ጫቱን ይዞ ተሰበሰበ። ኢክራም ሸህ ሙሄን ትወዳለችና ጭናቸው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ዱዓው ተጀመረ። አላህ ቤቱን ያብጀው ሲሉ ሰዉ አሚን አለ። ሁሉ ካለ በኋላ፣ ዝምታው ሊወርድ ሲል፣ ፉጨቱ ለብቻው አሚን አለ።

በሩን ያልተመለከተ አልነበረም። ሸህ ሙሄ ቀጠሉ። አላህ ልጅቱን ያሳድጋት። አሚን። ፊይይት። አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቀን። አሚን። ፊይይት። ድምፁ ከሸሁ በኩል መምጣቱን ሰዉ ልብ ሲል ቂጡን እየጎተተ በቀስታ ይርቃቸው ጀመር። ማንም ተነስቶ የሄደ የለም፤ ጫቱ አላለቀም። ግን ወደ መጨረሻው ላይ ሸህ ሙሄ ከነልጅቱ ምንጣፉ መሃል ብቻቸውን ቀርተው ነበር። «ማል ፌታ?» አሉ፤ ምን ትፈልጋለህ ማለት ነው። አፏጨ። አንዱ ቀይ ፍየል ነው የሚለው አለ። ሌላው ጥቁር በግ ነው አለ። በቀለሙ ላይ ተከራከሩ፤ ሥጋውን ማን እንደሚበላው ግን ሁሉም አንድ ነበሩ።

ሸህ ሙሄ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ያልኩትን ሁሉ አሚን ይላል። አሚን የሚል ሸይጧን እኔ አላውቅም። አላህ ይግለጥልህ።»

ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። ግን ሸህ ሙሄ የማያውቁት ነገር እቤቴ ተቀምጧል ማለት ነውና እንዲያውም ባሰብኝ። ልጅቱ ደግሞ በየቀኑ እየቀለለች ነው፤ ሳቅፋት ይታወቀኛል። ማታውኑ ተማከርን። ቤቱን ለባለቤቱ ትተን ወደ አማቴ አገር እንሂድ ተባለ።

ጂን ካለበት ቤት ሲወጣ የሚኬድበትን አገር መናገር ነውር ነው፤ ይከተላላ። ስለዚህ ጠዋት እቃችንን እየሸከፍን ጮክ ብለን ስለ ባቲ እናወራ ጀመር። ባቲ ደርሰን እንመለሳለን፤ የባቲ ገበያ ዛሬ ይደምቃል፤ የባቲ ፍየል እንዴት ያለ ነው። ባቲ በአንድ በኩል ነው፤ እኛ የምንሄደው በሌላ በኩል ወደ ጨፋ ሮቢት ነው። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ወደ ባዶው ቤት፣ ከባቲ ጨው እናመጣልሃለን፣ አንተ ብቻ ቤት ጠብቅ አሉት። እኔም ቁልፉን ሳዞር በአክብሮት ነው ያዞርኩት። ይህን ያየ ሰው ምን ይል ነበር ብዬ ዛሬ አስባለሁ። ያኔ ግን በጣም ብልህ ሰዎች ነበርን።

ሚኒባሱ ጨፋ ሜዳ መሃል ሲደርስ ጎማው ፈነዳ። ወረድን። ሹፌሩና ረዳቱ ጎማውን ይዘው ከመኪናው ጀርባ ሄዱ። ግራ ቀኙ ማሽላ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ። ነፋስ የለም። አንድም ቅጠል አይንቀሳቀስም። ዘሀራ ኢክራምን አዝላ መንገዱ ዳር ቆማለች፤ እኔና አማቴ አጠገቧ ነን። ያን ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመካከላችን፣ አፏጨ።

አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ባቲ ነው ያልነው እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ። «በምን አወቀ?»

ዘሀራ አንገቷን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አድርጋ ቆየች። ከዚያ አንቀልባውን ፈታች። ልጅቱን ከጀርባዋ አውርዳ እሳሩ ላይ ተንበረከከችና ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ስትነሳ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም።

«እዚህ ነው» አለች። «ሰውየው እዚህ ውስጥ ነው።»

እስከዚያ ቀን የፈራሁ ይመስለኝ ነበር እንጂ አልፈራሁም ነበር። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ የስፌት መኪና ፈትቼ የፈለግኩት ድምፅ በልጄ የጎድን አጥንት ስር ተኝቶ ነበር። አየር ስትስብ ያፏጫል፤ ትንፋሿን ስትይዝ ዝም ይላል። ለካ መጣና ሄደ የምትለው እሱን ነው። እሷም እንደኛ ትሰማዋለች፤ እሷም ዞር ዞር እያለች ትፈልገዋለች፤ እኛ ግን አስተርጓሚ አደረግናት። ኢክራም ሁላችንንም አየችና ፈገግ አለች። መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ።

አማቴ ጂኑ ገብቶባታልና ወደ ሸህ ሙሄ እንመለስ አሉ። ዘሀራ ሐኪም ቤት አለች። እናትና ልጅ በኦሮምኛም በአማርኛም ተከራከሩ። እኔ ሞባይሌን አውጥቼ ለሸህ ሙሄ ደወልኩ፤ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ዱዓው በኔ፣ መኪናው በናንተ» አሉ። «ደሴ ውሰዷት። አሁኑኑ።»

ደሴ ያገኘነው ሐኪም ገና ወጣት ነው። የምነግረውን ሁሉ፣ ቆርቆሮውንም ወዳጃውንም ባቲንም፣ ሳይስቅ ሰማኝ፤ አላህ ይስጠው። በማዳመጫው አዳመጣት። ደግሞ አዳመጣት። ራጅ አስነሳን። ራጁ ላይ ሰውየው አልታየም። ግን ሐኪሙ በጣቱ እያሳየ፣ በአንድ በኩል ያለው ሳንባ ከወንድሙ ይልቅ ተነፍቷል፣ አየር ይገባል እንጂ እንደልቡ አይወጣም፣ አንድ ነገር መንገዱን ይዞታል አለን። ቤት ውስጥ የጠፋ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ዶቃ፣ የበቆሎ ፍሬ፣ የልብስ ቁልፍ። ቁልፍ ሲል እኔ ላብ አጠመቀኝ። የሰፊ ቤት ነው፤ ቁልፍ እንደ ጤፍ ተበትኖ የሚውልበት ነው። ገደልኳት አልኩ በልቤ።

ዘሀራ ግን የልጅቱን እግር እያየች ነበር። «ጫማው» አለች።

ስለ ጫማው እስካሁን ያልነገርኳችሁ ደብቄ አይደለም፤ እኛም እስከዚያች ደቂቃ ትዝ አላለንም። ሲረግጡት ጲጥ ጲጥ የሚል የልጅ ጫማ ነው፤ እኔ ነኝ ገዝቼ ያመጣሁላት። በጣም ትወደው ስለነበር ወደ አፏም ትወስደው ነበር። አንድ ቀን እሱን ይዛ ስትጫወት ትን አላት፤ ፊቷ ጠቆረ፤ ዘሀራ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት ለቀቃት። ማን ስሟን አነሳው ተባብለን አለፍነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጫማ ድምፁ ጠፋ። ዘሀራም ቢያንስ በግማሽ ተገላገልን ብላ አላህን አመሰገነች።

ሐኪሙ ሁለቱንም ጫማ አወለቀ። ቀኙን ተረከዙ ላይ ጫን አደረገው፤ ጲጥ አለ። ግራውን ጫነው። ምንም። ደግሞ ጫነው። ምንም። ተረከዙ ውስጥ ያለችው ትንሿ የፕላስቲክ ፊሽካ የለችም፤ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ዝም ስንል ኢክራም በረጅሙ አየር ሳበች። የግራው ጫማ ከደረቷ ውስጥ መለሰ።

አሁንም ያ ድምፅ ሲታወሰኝ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። ጂን ነው ብዬ ከፈራሁት ይልቅ ፊሽካ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ነው የከፋው። ጂን ቢሆን ይለመናል። ፕላስቲክ ምን ተብሎ ይለመናል?

ማውጫው መሳሪያ ያለው አዲስ አበባ ነው ተባልን። በአፏ በኩል ቱቦ ገብቶ፣ አስተኝተዋት ነው የሚያወጡት። ሐኪሙ የሪፈሩን ወረቀት ሰጥቶን፣ እንዳትሮጥ፣ እንዳታለቅስ፣ ጀርባዋንም እንዳንመታት ከነገረን በኋላ በሩ ድረስ ሸኘን። «ብታፏጭ አትፍሩ» አለን። «ፉጨቱ ከቆመ ግን ፍሩ።»

እስቲ አስቡት። ያን ሁሉ ቀን እንዲቆም የለመንነውን ድምፅ ከዚያ በኋላ እንዳይቆም እንለምን ጀመር። አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ዘሀራ ልጅቱን ደረቷ ላይ አስተኝታለች፤ እኔ ጆሮዬን ከልጅቱ አፍ አልለይም። ሹፌሩ ምን እንደሆነ ጠይቆ ሲነገረው ቴፑን አጠፋው። ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ። ሲጨቃጨቁ የነበሩት ዝም አሉ። አንድ ሰውዬ ሲያስነጥሰው አምስት ሰው ዞሮ ገላመጠው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ የማያውቃትን ልጅ ፉጨት እየሰማ በዝምታ ተጓዘ። በከሚሴ ስናልፍ ቤታችንን እንኳ አላየሁትም።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለመ። የሞተሩ ጩኸት ከግድግዳው እየተመለሰ ሁሉን ዋጠው። አልሰማትም። ጆሮዬን አፏ ላይ ለጠፍኩ፤ አልሰማትም። እጄን ደረቷ ላይ አደረግኩ፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ የሱ ይሁን የእሷ መለየት አቃተኝ። ዘሀራ በጨለማው ውስጥ «አለ?» አለችኝ። «አለ ወይ?» አለች እንደገና። ያ ዋሻ እንዲያ ረጅም መሆኑን ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። ብርሃን ሲመጣ፣ ሞተሩም ረገብ ሲል፣ አፏጨች። ከኋላ ወንበር አንዲት ማተብ ያሰረች ሴትዮ እልል ልትል ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አወጡላት። ከትንሽ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። አልሐምዱሊላህ፣ ሺህ ጊዜ አልሐምዱሊላህ፤ ያወጧትንም እጆች አላህ አይንሳቸው። ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። የተነፋው ሳንባ መመለሱን፣ የተረፈ ነገር አለመኖሩን ለማወቅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደሴ ተመልሰን መመርመር ነበረብን። አማቴ የምስጋናውን ፍየል ገዝተው በር ላይ አስረው፣ ሐኪሙ ነጻ ናት ሳይል ቢላ አይነሳም ብለው ማሉ። ፍየሉ በዚያ መካከል የሁለት ሰው ጀለቢያ በላብኝ። እኛም በእነዚያ ሳምንታት አልተኛንም ማለት ይቻላል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ደግሞ ዋሻው ውስጥ ፉጨቷን ያጣንበትን ጊዜ ይመስለናል፤ እየተቀያየርን ጆሯችንን አፏ ላይ እንደቅናለን።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሙ አዲሱን ራጅ በመስኮቱ ብርሃን አየው። ከዚያ ማዳመጫውን ሰክቶ በቀኝ አዳመጠ፣ በግራ አዳመጠ፣ ጀርባዋን አዙሮ አዳመጠ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ዘሀራ እጄን ስትጨብጠኝ አጥንቴ ተሰማኝ። በመጨረሻ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና አንተ ራስህ ስማ ብሎ ሰጠኝ። ሰማሁ። አየር ይገባል፣ አየር ይወጣል። በዚህም በኩል እንደዚያው፣ በዚያም በኩል እንደዚያው። ሌላ ማንም የለም። ሐኪሙ ፊት፣ ነርሷ ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘሀራ ማዳመጫውን ከእኔ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጫፉን ልጅቱ ደረት ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ኢክራም መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሰለቻትና የእናቷን ሻሽ መፍታት ጀመረች። ውጭ ወረፋ የያዙ እናቶች በሩን ገፋ አድርገው አዩን። ነርሷ ገባች፣ ወጣች። ሐኪሙ የሚጽፈውን ጽፎ ጨረሰ። እጁን ዘረጋና በትሕትና፣ እህቴ፣ ልጅሽ ጤነኛ ናት፣ ሌላ የምትሰሚው ነገር የለም አላት።

«አውቃለሁ ዶክተር» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ትንሽ ቆይ። ገና አልጠገብኩም።»